ኒውክሌሩን ማን ይቆጣጠረዋል? ተቆጣጣሪውንስ ማን ያምነዋል?

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቀጥለው ይሠራሉ ያሏቸውን ግዙፍ ፕሮጀክቶች ዘረዘሩ። ከእነሱ አንዱ የኒውክሌር ኃይል ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሮሳቶም ከተባለው የሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። ሁለቱ አገሮች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሰነድ ሲፈራረሙ ቆይተዋል።

ወሬው ግን ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ኒውክሌር» ሲባል ቦምብ ይታየዋል። ሌላው «በቃ፣ መብራት መቆራረጥ ቀረ» ይላል። የመጀመሪያውን ስጋት ቶሎ መመለስ ይቻላል። አብዛኛው የኃይል ማመንጫ የሚጠቀምበት ዩራኒየም የበለጸገው ከ5 በመቶ በታች ነው፤ ለቦምብ የሚፈለገው 90 በመቶ አካባቢ ነው። ኢትዮጵያም የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት አባል ናት። የሁለተኛው ወገን ችኮላም ከእውነታው ይርቃል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው አንድ አገር ማሰብ ከጀመረችበት እስከ መጀመሪያው ኪሎዋት ድረስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል።

ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ አለ። ይህን ነገር የሚቆጣጠረው ማን ነው? እሱ ወጥቶ «ችግር የለም» ሲልስ ሰው ያምነዋል? መልሱን ለማየት ሪአክተር፣ ማለትም የኒውክሌር ኃይል የሚመነጭበት ማሽን፣ እስኪተከል መጠበቅ አያስፈልግም። የሚፈተሽበት ቦታ ዛሬም አለ፤ ለዚያውም እዚሁ አዲስ አበባ ዳርቻ።

ጨረራው ቀድሞ መጥቷል

ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጉምሩኩን፣ ማረሚያ ቤቱንና የጭነት መኪና ሰልፉን ነው። እዚያው ቃሊቲ የገንዲ ዝንብ የሚራባበትና በጨረራ የሚመክንበት ማዕከልም አለ። በ1999 ዓ.ም. ተመርቋል። ገንዲ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከብት የሚጨርስ በሽታ ነው፤ አስተላላፊው ቆላ ዝንብ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ወንዱ ዝንብ ኮባልት 60 ከተባለ ጨረራ አመንጪ ብረት በሚወጣ ጨረራ ይመክናል፤ ከዚያ ይለቀቃል። ሴቷ በአብዛኛው በዕድሜዋ የምትገናኘው አንዴ ስለሆነ፣ ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖርም።

ይህ ሪአክተር አይደለም። የሚቀልጥ ነዳጅ የለውም፤ ሊፈነዳም አይችልም። ጋማ ጨረራ የነካው ዝንብም ራሱ ጨረራ አመንጪ አይሆንም፤ ኤክስሬይ የተነሳ ሰው ከዚያ በኋላ ጨረራ እንደማይረጨው ማለት ነው። ግን ኮባልት 60 ያለ መከለያ ከተገኘ ሰው ይገድላል። ኃይሉ በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ አንድ ቀን መቀየር አለበት። አሮጌው ሲወጣ የት ይሄዳል? ማን ፈረመበት? ማን ቆጠረው? የተቆጣጣሪ ሥራ የሚጀምረው ከእነዚህ አሰልቺ ከሚመስሉ ጥያቄዎች ነው።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ለዓመታት የኮባልት 60 ማሽን ተጠቅሟል። በየክሊኒኩ ኤክስሬይ አለ። በዓለም ዙሪያ የሲሚንቶ፣ የብረትና የመጠጥ ፋብሪካዎች በቱቦና በጠርሙስ ውስጥ ያለውን መጠን ለመለካት የጨረራ ምንጭ ያላቸው መለኪያዎች ይጠቀማሉ። የመንገድ ሥራ ድርጅቶች አፈር መጠቅጠቁን የሚለኩበት መሣሪያም እንዲሁ ነው። አቃቂን፣ ገላንንና ዱከምን ይዞ የሚወርደው የኢንዱስትሪ መንገድ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ የሚበዛበት ነው።

ቁርጥራጭ ብረት የሚነግረን

በጨረራ ታሪክ ትልልቅ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ የደረሰው ምንም ሪአክተር በሌለበት ሠፈር ነው። (የውጭ አገር ዓመታትን እዚህ የምጠቅሰው እ.ኤ.አ. ነው።) ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ ውስጥ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቦታ ሲቀይር ማሽኑን ባዶው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። መስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ገብተው ብረቱን ነቅለው ወሰዱ። እኛ አገር የቆራሌ ዓይነት ለሆነ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ውስጡ ያለው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ አየ። ደስ አለው፤ ለቤተሰብና ለጎረቤት አከፋፈለው። ዱቄቱ ሴዚየም 137 የተባለ ጨረራ አመንጪ ነበር።

አራት ሰዎች ሞቱ። አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። ከ112,000 በላይ ሰው ስታዲየም ውስጥ እየተሰለፈ ተመረመረ። ነገሩን ወደ ባለሥልጣናት ያደረሰችው የነጋዴው ሚስት ናት፤ ሰዉ ሁሉ ሲታመም ጠርጥራ ዕቃውን በከረጢት ይዛ በአውቶቡስ ጤና ቢሮ ወሰደችው። የተቆጣጣሪው መዝገብ ያላየውን እሷ አየች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። የሟቾቹ ቀብር ላይ ሰው ድንጋይ ወረወረ፤ መሬታችንን ይበክላሉ ብሎ። የአካባቢውን የእርሻ ምርት ገዢ ሸሸው። ባለሙያዎች «የተጸዳው ቦታ አያሰጋም» ሲሉ ብዙ ሰው አልሰማቸውም። መጀመሪያ ማሽኑን የረሱት እነሱ አይደሉ? ዓለም አቀፉ የኒውክሌር አደጋ መለኪያ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው። ጎያኒያ 5 ተሰጠው። በ1979 አሜሪካ፣ ስሪ ማይል አይላንድ ላይ ሪአክተር በከፊል የቀለጠበት አደጋም 5 ነው። ሪአክተር የለንም ብሎ መተኛት አያዋጣም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሜክሲኮም አለች። ሁዋሬዝ ከተማ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የኮባልት ማሽን በ1983 መጨረሻ ለቁርጥራጭ ተሸጠ። ከሌላ ብረት ጋር ቀልጦ ፌሮ ሆነ፣ የጠረጴዛ እግር ሆነ። የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ አጠገብ ሲያልፍ የጨረራ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። በኋላ በዚያ ፌሮ የተሠሩ ከ800 በላይ ቤቶች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ፈረሱ።

ኮንዶሚኒየምና ፎቅ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ከተማ ዳር፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ባሉበት መንገድ፣ ይህ ታሪክ ተራ የውጭ ወሬ አይደለም። ፋብሪካው በር ላይ የጨረራ መለኪያ አለ? ቢጮህ ለማን ይደወላል? የተደወለለት አካል ውጤቱን ይፋ ያደርጋል? ነዋሪው መልሱን ሊያውቅ ይገባል።

ተቆጣጣሪ ምን ይሠራል?

በአጭሩ አራት ነገር። ፈቃድ ይሰጣል፣ ይፈትሻል፣ ያስቆማል፣ ይናገራል። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ የሠራው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ነበር። ሕጉ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1025 ታድሷል። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት ሲዋቀሩ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛወረ። ኤክስሬይ ክፍሎችን ሲፈቅድና ሲፈትሽ የኖረ መሥሪያ ቤት ነው። ሪአክተር መፈተሽ ሌላ መጠን ያለው ሥራ ነው፤ የሰው ኃይሉም፣ ገንዘቡም፣ ከፖለቲካ የሚደርስበት ግፊትም በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ዋናው የመዋቅር ጥያቄ ነጻነት ነው። ኒውክሌር እንዲስፋፋ የሚሠራው እና ኒውክሌርን የሚቆጣጠረው አንድ ቤት ውስጥ መሆን የለባቸውም። አሜሪካ ይህን የተማረችው ቀስ ብላ ነው። ከ1946 ጀምሮ የነበረው የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር። እየተጫወተ የሚያፏጭ ዳኛ ማለት ነው። በ1974 ሕግ ወጥቶ ተከፈለ፤ በ1975 ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። በኒውክሌር የተማረ ሰው ጥቂት በሆነበት አገር ሁለት ጠንካራ ተቋም ማቆም ያቅታል ይባላል። ጥሩ መሐንዲስ ከተገኘ ፕሮጀክቱ ይወስደዋል፤ ደመወዙ ይሻላላ! እውነት ነው። በዚህ ላይ ሪአክተሩን የሚሸጠው ድርጅት ሥልጠናውንም ከሰጠ፣ ተቆጣጣሪው የሚያውቀው ሻጩ ያስተማረውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ግብጽ አራት የሩሲያ ሪአክተሮችን ኤል ዳባ ላይ እያሠራች ነው፤ ተቆጣጣሪዋን ያቋቋመችው ግን በ2010 ሕግ ነው፤ የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በ2022። አሥር ዓመት ተቀድሞ መጀመር ይቻላል ማለት ነው። ነጻነቱ ምን ያህል ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ጃፓን፦ ባለሙያ ያልጎደላት አገር

አመኔታ የሚጠፋው በዕውቀት ማነስ ብቻ ቢሆን ጃፓን ችግር አይገጥማትም ነበር። በ2011 በባሕር ማዕበል ተመትቶ ከባድ የኒውክሌር አደጋ የደረሰበት የፉኩሺማ ጣቢያ ባለቤት የሆነው ኩባንያ፣ ቴፕኮ፣ በ2002 የፍተሻ መዝገቦችን ለዓመታት ሲያጭበረብር መቆየቱ ወጣ። ጥቆማ የደረሰው ተቆጣጣሪ ሁለት ዓመት ገደማ ወስዶበታል። የባሰው ደግሞ የጠቋሚውን ማንነት ለኩባንያው አሳልፎ መስጠቱ ነው። ከዚያ በኋላ የትኛው ሠራተኛ ደፍሮ ይናገራል?

ተቆጣጣሪው የነበረው በኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነው። ያ ሚኒስቴር ደግሞ የኒውክሌር ኃይል እንዲስፋፋ የሚገፋው ነበር። በ2008 ቴፕኮ ራሱ ባሠራው ስሌት ጣቢያው ላይ እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል ታየ። ግንቡ አልተሠራም። ስሌቱ ለተቆጣጣሪው የቀረበው መጋቢት 7 ቀን 2011 ነው። ማዕበሉ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 11።

ከአደጋው በኋላም ሌላ ስህተት ተሠራ። ጨረራው በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበር። ውጤቱ በጊዜው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ያልተረጋገጠ ነው፣ ሰው ይደናገጣል ተብሎ። የናሚኤ ከተማ ነዋሪዎች በሰሜን ምዕራብ ወዳለ ሠፈር ሸሹ። ጨረራው የሄደውም በዚያው በኩል ነበር። የፓርላማው ገለልተኛ መርማሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋው «ሰው ሠራሽ» ነው ብሎ ጻፈ፤ ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ኢንዱስትሪ እጅ እንደወደቀ ገለጸ። በዚያው ዓመት ተቆጣጣሪው ፈርሶ አዲስ ተቋቋመ።

አዲሱ ተቋም የበለጠ ግልጽ ነው፤ ስብሰባዎቹን በቀጥታ ያስተላልፋል። ሆኖም የካሺዋዛኪ ካሪዋ ጣቢያ ሁለት ሪአክተሮች በ2017 የቴክኒክ ምርመራውን አልፈው የአካባቢው ፈቃድ እስኪገኝ ዓመታት ቆሙ። የቆመ ሪአክተር ወጪው አይቆምም። አመኔታን «ለስላሳ» ጉዳይ አድርገው የሚያዩ መሐንዲሶችና የገንዘብ ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢያዩት ጥሩ ነው።

ጀማሪ አገርና የተደበቀ ግጭት

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ቤላሩስ ይመስለኛል። የመጀመሪያ የኃይል ማመንጫ ሪአክተሯ ነው፤ የሠራላትም ሮሳቶም ነው። ሐምሌ 2016 የሪአክተሩ ግዙፍ የብረት ቅርፊት ሲነሳ ከማንሻው ተንሸራተተ። ሕዝብ የሰማው ከሳምንታት በኋላ፣ መጀመሪያ ከአንድ የአካባቢው አክቲቪስት ነው። ባለሥልጣናት ያመኑት ከዚያ በኋላ ነበር። ሮሳቶም ቅርፊቱ አልተጎዳም አለ። ቤላሩስ ግን ይቀየር አለች፤ በሌላ ተቀየረ።

ምናልባት በእርግጥም አልተጎዳም። በውስጡ ገና ነዳጅ አልነበረም፤ ማንንም የሚያሰጋ ጨረራ አልወጣም። በዚያው ቀን ግማሽ ገጽ መግለጫ ቢወጣ ዜናው በሁለት ቀን ይረሳ ነበር። ዝም በመባሉ ግን ውድ የሆነ ዕቃ እስከ መቀየር ተደረሰ። ጎረቤቷ ሊቱዌኒያም ለተቃውሞዋ ተጨማሪ ማስረጃ አገኘች።

ሁሉም ነገር ይነገር?

አይነገርም፤ መነገርም የለበትም። የኮባልት ምንጭ በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ ጥበቃው ስንት ሰዓት እንደሚቀየር፣ የትራንስፖርት መንገዱ በየት እንደሆነ ምስጢር ሊሆን ይገባል። ይህን የማይቀበል ባለሙያ የለም። ክርክሩ መስመሩ የት ይሰመር የሚለው ላይ ነው። የጥበቃ ዕቅዱ ይደበቅ፤ የፍተሻው ውጤት ግን ምን አደረገ? «ይህ ተቋም በዚህ ወር ተፈተሸ፣ ይህ ጉድለት ተገኘ፣ እስከዚህ ቀን እንዲያስተካክል ታዘዘ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሌባን አይጠቅምም።

ሌላው ክርክር «ሰው ይደናገጣል» የሚለው ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ የደረሱትን የክስተት ሪፖርቶች በየሥራ ቀኑ ያወጣል። የጠፋ የአፈር መለኪያ እንኳ እዚያ ውስጥ አለ። ማንበብ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ መሆኑ ነው ጥቅሙ። በየቀኑ ትንሹን መጥፎ ዜና የሚሰማ ሰው ትልቁ ሲመጣ የሚያነጻጽርበት አለው። ዝምታ የለመደ ግን የመጀመሪያውን መግለጫ እንደ መርዶ ይሰማዋል።

ግልጽነት በራሱ አመኔታ አያመጣም የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ጉድለት እያወጣ ምንም የማያስቆም ተቆጣጣሪ፣ ደካማነቱን በየወሩ ያስተዋውቃል። የፊንላንዱ ተቆጣጣሪ ስቱክ የሚጠቀሰው በሌላ በኩል ነው። ኦልኪሉኦቶ 3 በተባለው ጣቢያ ግንባታ የኮንክሪቱንና የሥራ አመራሩን ጉድለት በ2006 በይፋ ሪፖርት አወጣ። ጣቢያው በ2009 ይጠበቅ ነበር፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። መዘግየቱ በተቆጣጣሪው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ግን ለማፋጠን ሲባል ዓይኑን አልጨፈነም። አስፈላጊ ግድብና መንገድ በተባለው ቀን ካልተመረቀ ቅር በሚለን አገር ይህን ዓይነት መዘግየት ማን ይሸከማል? ያኔ «ልማት አደናቃፊ» የሚል ስም ቢሰጠው አይገርምም።

በከተማው ዳር የሚናገረው ማን ነው?

አዲስ አበባን ከብቦ ሸገር ከተማ አለ። አንድ ፋብሪካ ከመንገዱ ወዲህ በፌዴራል ከተማ አስተዳደር፣ ወዲያ በኦሮሚያ ሥር ሊሆን ይችላል። የጨረራ ቁጥጥር የፌዴራል ሥራ ነው። እሳትና ድንገተኛ አደጋ ግን የየአስተዳደሩ ነው። ሐኪም ቤቱ ሌላ፣ ፖሊሱ ሌላ። አንድ ቁርጥራጭ መጋዘን ውስጥ መለኪያ ቢጮህ፣ ለሠፈሩ ሰው የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው የትኛው ነው?

ስሪ ማይል አይላንድ ላይ ኩባንያው፣ ክልሉና ፌዴራሉ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ሰው ተምታታበት። ፕሬዚዳንት ካርተር የተቆጣጣሪውን ባለሙያ ሃሮልድ ዴንተንን ልከው ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እንዲናገር ተደረገ። እዚህ ደግሞ አንድ አፍ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት ቋንቋ ያስፈልጋል። ገላን ላይ በአማርኛ ብቻ የወጣ ማስጠንቀቂያ ግማሹን ጎረቤት ይዘለዋል።

የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሲከለከል አቤቱታው የሚቀርበውም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። መብቱ ግን በጠያቂው ጫንቃ ላይ የወደቀ ነው። ሳይጠየቁ ማውጣትና ተለምኖ መስጠት ለየቅል ናቸው። ፈረንሳይ ከ1981 ጀምሮ በየጣቢያው ዙሪያ የአካባቢ መረጃ ኮሚሽን አላት፤ በ2006 ደግሞ ይህንኑ በሕግ አጠንክራዋለች። በሕዝብ የተመረጡ ሰዎች፣ ማኅበራትና ሠራተኞች ይቀመጡበታል። ደቡብ አፍሪካም ባለፈቃዱ ከነዋሪው ጋር የሚገናኝበትን የደኅንነት መረጃ መድረክ በሕግ አስገድዳለች።

ወረቀት ላይ ያለ ሁሉ ግን አይሠራም። በ2022 የደቡብ አፍሪካ ሚኒስትር በተቆጣጣሪው ቦርድ የሲቪል ማኅበረሰቡን ወክሎ የተቀመጠውን አባል አነሱት፤ ኒውክሌርን ይቃወማል ብለው። በ2023 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ኬንያ ደግሞ በ2019 የተቆጣጣሪ ሕግ ብታወጣም፣ በ2024 የኪሊፊዋ ኡዮምቦ ነዋሪዎች ጣቢያ ይሠራል የተባለበትን ቦታ ተቃውመው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ።

ቀጥሎ የሚታዩ ነገሮች

በሚመጡት ዓመታት የሚወጡ ሕጎች ውስጥ ሦስት አንቀጾችን መፈለግ ይበቃል። የተቆጣጣሪው ኃላፊ በማን ይሾማል፣ በምን ምክንያትስ ይነሳል? በጀቱ ከማን ይመጣል? የፍተሻ ሪፖርት ማውጣት ግዴታው ነው ወይስ ፈቃዱ? የመጨረሻው «ይችላል» በሚል ቃል ከተጻፈ አይወጣም ብሎ መገመት ይቻላል።

ከሕጉ በፊት ሊመጣ የሚችለው ግን የቦታ መረጣው ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ከአልጋው አስነስቶታል። በ1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የደረሰው ደግሞ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ለሪአክተር ቦታ ሲጠና የስንጥቆቹ ካርታ፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ መሬቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ የሚያሳይ ስሌትና የማቀዝቀዣ ውኃው መጠን ይዘጋጃል። እዚህ ውስጥ የጥበቃ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ጥናቱ ከነጥሬ መረጃው ከወጣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ሰዎች ሊፈትሹት፣ ስህተት ካለውም ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ሊናገሩ ይችላሉ።